የአየር ጠመንጃ ጥይት ስትሄድ ይታየኛል፤ የሚያምነኝ ግን አጣሁ

የሆጤው ልጅ (ደሴ)፦
ሰላም ጀማዓ። ያስቃችሁ ይሆናል፣ እኔ ግን የምሬን ነው የምጠይቀው። እሁድ ጠዋት ሰፈራችን ዳር የአየር ጠመንጃ የሚያስተኩስ ሰውዬ አለ። ታውቁታላችሁ እንግዲህ፤ ጣውላ ላይ ቆርኪና ፊኛ ይደረድራል፣ ጠመንጃውን ራሱ አቀባብሎ ይሰጥሃል፣ በተኮስከው ልክ ትከፍላለህ፣ ከመታህ ከረሜላ አለህ። ርቀቱ 15 ሜትር ቢሆን ነው። ታዲያ እኔ ቃታ ከሳብኩ በኋላ ጥይቷ ስትሄድ ወለል ብላ ትታየኛለች። ግራጫ ነጥብ ሆና ከአፈሙዙ በላይ ብቅ ትላለች፣ ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ከዚያ ወረድ ብላ ከቆርኪው በታች ጣውላው ላይ ጠቅ! መሳቴን ገና ሳትደርስ አውቀዋለሁ። ጓደኛዬ ከጎኔ ቆሞ ምንም አላየሁም አለ። እሱ ብቻ ቢሆን ደግ፣ "ጥይት የሚያይ ዓይን የጅኒ ዓይን ነው" እያለ ሰፈሩን በሙሉ አሳቀብኝ።
እና ይሄ ነገር ይቻላል ወይ? ወይስ ጠመንጃው ደክሞ ነው? ከሰዓት በኋላ ስሄድስ የማይታየኝ ለምንድን ነው? ደሴ ከፍታ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ነው ያለኝም ሰው አለ።

ቧንቧ ውሃ፦
ከበርጫ በፊት ነው በኋላ? እሷን ሳትነግረን መልስ የለም።

የሆጤው ልጅ፦
ወላሂ በባዶ ሆድ ነው፣ ቁርስ እንኳ አልበላሁም ነበር።

የወልድያው መምህር፦
ልጁን አትሳቁበት፣ ያየው እውነት ነው። አላየሁም ያለው ጓደኛውም አልዋሸም። ሁለቱን የለያያቸው የቆሙበት ቦታ ነው።
ጥይቷ በሴኮንድ 130 ሜትር ትሄዳለች እንበል። ጓደኛህ ከመስመሯ 3 ሜትር ፈንጠር ብሎ በጎን ከቆመ፣ ፊቱን ስታቋርጥ ዓይኑ እሷን ልከተል ቢል በሴኮንድ ወደ 2,500 ዲግሪ መዞር ይኖርበታል። የሰው ዓይን ከአንድ ነገር ወደ ሌላው ሲዘል እንኳ የዚህን ግማሽ አይደርስም። አንተ ግን ከኋላዋ ነህ። ከአንተ ትርቃለች እንጂ ግራና ቀኝ አትሮጥብህም፤ እስክትመታ ድረስ ያለችው እዚያው ያነጣጠርክበት አካባቢ ነው። ዓይንህ መሮጥ አያስፈልገውም፣ ቀድሞውኑ እዚያ ነው ያለው።
ከዚያ በኋላ ወሳኙ ብርሃን ነው። 4.5 ሚሊ ሜትር የምትሰፋ ጥይት 15 ሜትር ላይ የአንድ ዲግሪ ስድሳኛውን ብትሸፍን ነው። ጤነኛ ዓይን ሊለየው የሚችለው የመጨረሻው መጠን እሱ ነው። ስለዚህ ካላብለጨለጨች ወይም ከኋላዋ ካለው ነገር በቀለም ካልተለየች ትጠፋብሃለች። ጣውላው ያለው በጦሳ ተራራ በኩል፣ ወደ ምዕራብ መሆን አለበት፣ ተሳሳትኩ? ጠዋት ፀሐይ ከጀርባህ ትመጣና የጥይቷን ቂጥ ትመታዋለች፤ አዲስ እርሳስ ደግሞ ያብረቀርቃል። ከሰዓት ፀሐይዋ ከፊትህ ናት፣ የምታየው የጨለመውን ወገኗን ነው። ቆየት ካልክማ ጦሳ ጥላውን ያለብስሃል።
ከፍ ብላ የወረደችው ማነጣጠሪያው ከአፈሙዙ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ነው። አፈሙዙ ትንሽ ቀና ብሎ ይተኩሳል፣ የዓይንህን መስመር ከታች ወደ ላይ ታቋርጣለች፣ ከዚያ የመሬት ስበት ይመልሳታል። በዚህ ፍጥነት 15 ሜትር እስክትሄድ ስበት ብቻውን ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ያወርዳታል።
የከፍታውን ነገር ተወው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ናት፤ አየሩ መሳሳቱ እውነት ነው፣ በ15 ሜትር ውስጥ ግን ዓይን የሚለየው ለውጥ አያመጣም። ደግሞም የሳሳ አየር ጥይቷን አያዘገያትም፤ ለማየት አይጠቅምህም።
ፍጥነቷን ራስህ መለካት ትችላለህ። በቆርኪው ፋንታ ባዶ ጣሳ አስቀምጥ፣ ስልክህን አጠገብህ አድርገህ ድምፅ ቅዳ። የተኩሱና የጣሳው ድምፅ በቅጂው ላይ ሁለት ጉብታ ሆነው ይወጣሉ። በመካከላቸው ካለው ጊዜ ላይ የጣሳው ድምፅ ወደ አንተ የተመለሰበትን ቀንስ፤ ለ15 ሜትር 0.044 ሴኮንድ ነው። ርቀቱን ለቀረው ስታካፍል ፍጥነቷ ይወጣልሃል።

ጡረተኛው (ሐይቅ)፦
እኔ ዕድሜዬን ከጠመንጃ ጋር ነው የኖርኩት። ከባለ እሳቷ ጥይት በቀር ስትበር ያየኋት የለችም። ክላሽ ተኩሳችሁ ጥይቷን ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ!

የወልድያው መምህር፦
አባቴ፣ የክላሽ ጥይት ከአፈሙዝ ስትወጣ በሴኮንድ 700 ሜትር ታልፋለች። የልጁ ከአምስት እጥፍ በላይ ትዘገያለች። ደግሞ ክላሽ ትከሻ ይመታል፣ ዓይን ከማነጣጠሪያው ይነሳል። እርስዎም እሱም ልክ ናችሁ።

የኮምቦልቻው አስተኳሽ፦
መምህሩ በትምህርቱ በኩል ጨርሰውታል። እኔ በብረቱ በኩል ልናገር፤ በዚሁ ሥራ ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝ።
ልጄ፣ አዲስ የአየር ጠመንጃ እንደዚህ አያሳይህም። ጠንካራው በሴኮንድ ከ200 ሜትር በላይ ይወረውራል፤ ፀሐይ ካልረዳችህ በቀር ሰማኸው እንጂ አላየኸውም። አንተ የምትተኩስበት ሞላው ደክሟል፣ ወይ አየር እንዳያመልጥ መጋጠሚያውን የሚዘጋው ጎሚኒ ተበልቷል። ሲያቀባብል እጁን እየው። ሳይቸገር በአንድ እጁ እጥፍ ካደረገው ሞላው አልቆለታል። ካስቸገረው ደግሞ ጎሚኒውን ጠርጥር። ቀጭን ወረቀት ቀደድ አድርገህ አፈሙዙ ታጥፎ በሚገጥምበት ቦታ ላይ ጣል አድርግና ተኩስ። ወረቀቷ ብድግ ካለች አየሩ ጥይቷን መግፋቱን ትቶ በጎን እየወጣ ነው። ጉንጭህ ላይ እፍ የሚል ነገር ከተሰማህም ያው እሱ ነው።
ሞላ የሚገድለው ማን እንደሆነ ልንገርህ? ጥይት ሳይጎርስ ቃታ የሚስብ ደንበኛ። ፊት ለፊቱ የሚቋቋመው ነገር ስለሌለ ውስጡ ብረት ከብረት ይጋጫል። ስንቱን ተቆጥቻለሁ፤ "ልሞክረው ብዬ ነው ጋሼ" ይላሉ።
አካሄዷንም እይ። ቀጥ ብላ ሄዳ ከወደቀች የጉልበት ነገር ነው። እንደ እንዝርት እየተሽከረከረች ዙሪያዋን እየጠመዘዘች ከሄደች ግን ጥይቷ ናት የተበላሸችው፣ ወይ የአፈሙዙ ጫፍ ተፈግፍጓል። የእነዚህ ጥይቶች ወገባቸው ቀጭን ነው፣ ጅራታቸው ስስ ነው፤ ኪስ ውስጥ ከሳንቲም ጋር ካዋልካት ጠርዟ ይጣመማል። እኔ ከማጉረሴ በፊት በጣቴ ጠርዟን ዳበስ አደርጋለሁ። ጎድጎድ ያለችውን እጥላታለሁ፣ አንዳንዱ ግን ለደንበኛ ይሰጣል፤ የሚያደርግ ያውቀዋል።
እውነቱን ልንገርህ፣ ጥይቱን የሚያይ ደንበኛ ለእኛ ኪሳራ ነው። ሁለት ጣት ወረደችበት እንበል፣ ሁለት ጣት ከፍ አድርጎ ያነጣጥርና ከረሜላውን ጠራርጎ ይሄዳል። ለጓደኛህ ከመማል ይልቅ እንደሱ አድርግ፣ አብሽር።
ድቡልቡል የብረት ጥይት ከሰጠህ ግን አትተኩስ። እርሳስ ጠንካራ ነገር ሲመታ ይጨፈለቃል፣ ብረት ተመልሶ ዓይንህን ይፈልጋል። ጣውላ ብቻውንም አይበቃም፣ ከኋላው አፈር የሞላ ጆንያ ይኑር። እርሳስ የነካ እጅህን ሳትታጠብ ከረሜላ አትብላ።

ቧንቧ ውሃ፦
ጋሼ የሥራውን ምስጢር አወጡት እኮ። ነገ ኮምቦልቻ ከረሜላ አይተርፍም።

የሆጤው ልጅ፦
መምህር፣ ጋሼ፣ ኑሩልኝ። ጣሳ አስቀምጬ ቀዳሁት። በሁለቱ ጉብታ መካከል 0.16 ሴኮንድ ነው፤ 0.044 ሲቀነስ 0.116። ርቀቱን በሜትር ለካሁት፣ 15 ልክ ነው፤ ስለዚህ በሴኮንድ 129 ሜትር ገደማ ይመጣል። መምህር ዝም ብለው እንበል ያሉት ቁጥር ራሱ አይደል እንዴ! ጣውላውም እንዳሉት በጦሳ በኩል ነው።
ወረቀቷን ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ካለችው ስስ ወረቀት ቀድጄ አስቀመጥኳት፣ ተነሥታ ጫማዬ ላይ ወደቀች። ሰውዬው "ጠመንጃዬን ልታስማብኝ ነው?" ብሎ ተቆጣ፣ ግን እሱም አየ። ጓደኛዬን ጠዋት ወስጄ ከጎን ሳይሆን ከትከሻዬ ኋላ አቆምኩት። መጀመሪያ "አላየሁም" አለ፣ ከዚያ ሌላዋ ስትሄድ "እንዴ! እንዴ!" ብሎ ካፖርቴን ያዘኝ። አሁን እሱ ነው ሰፈር ውስጥ የሚያወራው።
ጋሼ፣ ሰውዬው ጎሚኒው የት ይገኛል እያለ ነው።

የኮምቦልቻው አስተኳሽ፦
የዚያ ጠመንጃ ጎሚኒ ሱቅ የለም። እኔ ከወፍራም ቆዳ ቆርጬ፣ ዘይት አጥግቤ እሠራለሁ፤ ከጎማው ይቆያል። ጠመንጃውን ይዞ ይምጣ፣ ግን የድሮውን ጎሚኒ ከነቁራጩ እንዳይጥለው፣ ልኩን የማገኘው ከእሱ ነው። ዋጋውን ሲመጣ እንነጋገራለን። አንተ ግን ከሠራሁለት በኋላ ጥይቷ አልታይ አለችኝ ብለህ እንዳትወቅሰኝ።