በሬዚስተር ልኬት ላይ ተቸግረናል፦ ለትንሹ የሠራው አገጣጠም ለትልቁ እንቢ አለ

ሰላም ለሁላችሁ። የታናሽ እህቴን የፊዚክስ ሙከራ፣ የሬዚስተር (ከረንትን የሚገታ ዕቃ) ልኬት፣ አብሬያት እየሠራሁ መሃል ላይ ቆመናል። ያሉን ሁለት ርካሽ ቴስተሮች ናቸው፤ አንዱ እንደ አሜትር (ከረንት መለኪያ)፣ ሌላው እንደ ቮልትሜትር (ቮልቴጅ መለኪያ)።

መጀመሪያ ባለ 10 ኦሙን ሬዚስተር (የቀለም ቀለበቶቹ ቡኒ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ወርቅማ) በ1.5 ቮልት ባትሪ ለካን። ቮልትሜትሩን አሜትሩና ሬዚስተሩ ላይ በአንድነት ስናገናኘው 1.42 ቮልትና 126 ሚሊአምፔር አነበብን፤ ሲካፈል 11.3 ኦም ገደማ ነው። ወርቅማው ቀለም የሚፈቅደው 5 በመቶ ልዩነት ስለሆነ ከ10.5 ማለፍ አልነበረበትም። ቮልትሜትሩን ሬዚስተሩ ላይ ብቻ ስናደርገው 1.28 ቮልት ሆነ፣ ውጤቱም ወደ 10.2 ወረደ። ደስ አለን፣ ዘዴው ተገኘ አልን።

በዚያው አገጣጠም ባለ 1 ሜጋ ኦሙን (አንድ ሚሊዮን ኦም) በ9 ቮልት ስንለካ ግን 18 ማይክሮአምፔር አሳየን። ግማሽ ሜጋ ኦም ማለት ነው! ሬዚስተሩን ቀየርን፣ ያው። ቮልትሜትሩን ስንነቅለው ከረንቱ ወደ 9 ወረደ።

ቮልትሜትሩ ራሱ ከረንት እየወሰደ ይመስለኛል። ልክ ነኝ? የውስጥ ሬዚስታንሱን በእነዚሁ ዕቃዎች እንዴት ላውቀው እችላለሁ? ከስንት ኦም ጀምሮ ነው ወደ መጀመሪያው አገጣጠም መመለስ ያለብን? ሪፖርቱን ሰኞ ታስረክባለች፤ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም እንድትረዳው በጣም እፈልጋለሁ።