ኮንዶሚኒየም ላይ ጎመን መትከል ያዋጣል?

የጀሞዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። በረንዳዬ ላይ በጆንያና በተቆረጠ ጀሪካን ጎመን፣ ቆስጣና ጤና አዳም ልተክል አስቤያለሁ። ባለቤቴ «ውሃ በፈረቃ እየመጣ በምን ልታጠጪ ነው?» ይለኛል። እውነት ለኑሮ ጠብ የሚል ነገር አለው? ወይስ ለፎቶ ነው?

ጋሽ ሙሌ፦
እህቴ፣ ወጪሽን በግማሽ ይቀንሳል የሚልሽን አትመኚ። ጤፍና ዘይት በረንዳ ላይ አይበቅልም! ጎመን ግን ከታች ከታች ቅጠሉን እየቀነጠስሽ ግንዱን ብትተዪው ለወራት ይሰጥሻል። ቆስጣም እንደዚያው። አትክልትና ሩዝ ያጠብሽበትን ውሃ አጠጪው፤ ኦሞ የነካውን ግን ተዪ። ጆንያውን ከስር ብሺው፣ አለዚያ ሥሩ ይበሰብሳል። ሳፋም አስቀምጪለት፤ የታች ቤት ሰው ልብሱ ላይ ጭቃ ሲንጠባጠብ ዝም አይልሽም።

ሰላም ነኝ፦
እኔን ወደ በረንዳ የገፋኝ የአቃቂ ወንዝ ነው። በዳርቻው በመስኖ የሚለማው ቆስጣና ሰላጣ ገበያችን ይገባል። ወንዙ ደግሞ የፋብሪካ ፍሳሽ ይገባበታል። ተመራማሪዎች አትክልቱ ውስጥ እንደ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶች አግኝተዋል። ጀርሙን ማጠብና ማብሰል ይቀንሰዋል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባው ብረት ግን በእጥበት አይወጣም። በገበሬዎቹ አልፈርድም፣ እንጀራቸው ነው።

የብሎክ 14 ልጅ፦
በ2015 የሌማት ትሩፋት ሲጀመር እኛም የግቢያችንን ቆሻሻ መጣያ ጠርገን ተከልንበት። ትንኙ ቀነሰ፣ ጎረቤት ተዋወቀ። ጭቅጭቁ ግን አለ፦ «ማነው የቀነጠሰው?»

የጀሞዋ፦
ገባኝ። ፍግ የሚሸጥ ጀሞ አካባቢ ታውቃላችሁ?