ለላይቭ ቀረጻ ሚክሰር ልንገዛ ነው፤ ዲጂታል ይሻላል ወይስ አናሎግ?

ጊታሪስቱ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባንድ አለን፤ ድራም፣ ቤዝ፣ ሁለት ጊታር፣ ኪቦርድና አራት ድምፃውያን። መድረክ ላይ ስንጫወት ሙሉውን መቅዳት፣ በኋላ ደግሞ ተረጋግተን በኮምፒውተር ማስተካከል እንፈልጋለን። አሁን ያለን አሮጌ አናሎግ ሚክሰር ነው። ከዋናው መውጫ በሁለት ገመድ ወደ ትንሽ ሪከርደር እንቀዳለን። ቅጂው ግን አያስደስትም። ድምፃውያኑ ጆሮ ላይ ይጮኻሉ፣ ድራሙ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስላል። አዳራሹ ውስጥ ሆነን ስንሰማው ግን በጣም ጥሩ ነበር! አንዱ ዲጂታል ግዙ ይለናል፣ ሌላው የአናሎግ ድምፅ ሞቅ ያለ ነው ይላል። ሚክሰሩ ላይ የሚቀመጠው ጓደኛችን ባለሙያ አይደለም፣ ጆሮው ግን ጥሩ ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?

ላይቭ ሳውንድ

ሰላም ወንድሜ። አዳራሹ ውስጥ ጥሩ የነበረው ቅጂው ላይ ለምን እንደተበላሸ መጀመሪያ ልንገርህ፤ ምርጫህን የሚወስነው እሱ ነው። ድራም በባህሪው ይጮኻል። የጊታር አምፕም እንደዚያው። ጠበብ ባለ አዳራሽ ሁለቱም ያለ ስፒከር እርዳታ ለሰው ይደርሳሉ። ስለዚህ ጓደኛችሁ ድራሙን ወደ ስፒከር እምብዛም አይልከውም፣ ድምፃውያኑን ግን ከፍ ያደርጋል። ልክ ነው ያደረገው። ሪከርደራችሁ የሚያገኘው ግን አዳራሹ የሰማውን ሳይሆን ወደ ስፒከር የተላከውን ብቻ ነው። ዲጂታልም ግዙ አናሎግ፣ ከዋናው መውጫ ሁለት ትራክ (ለየብቻ የሚቀዳ የድምፅ መስመር) ብቻ እስከቀዳችሁ ድረስ ይኸው ችግር አይለቃችሁም።

ስለዚህ ሻጩን የምትጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ስንት ትራክ ለየብቻ ያወጣል? የሚያወጣውስ ከፌደሩ (ድምፁን ከፍ ዝቅ ከሚያደርገው ተንሸራታች) በፊት ነው ወይስ በኋላ? እያንዳንዱ ማይክ በራሱ ትራክ ከተቀዳ ድራሙን ቤት ገብተህ የፈለግከውን ያህል ከፍ ታደርገዋለህ።

እስቲ ቻናላችሁን እንቁጠር። ለድራም ቢያንስ አራት ማይክ፦ ለኪክ (በእግር ለሚመታው ትልቁ ከበሮ) አንድ፣ ለስኔር (ጥርት ያለ ምት ለሚሰጠው ትንሹ ከበሮ) አንድ፣ ከላይ ሁለት። ቤዝ አንድ፣ ጊታር ሁለት፣ ኪቦርዱ ስቴሪዮ ስለሆነ ሁለት፣ ድምፃውያን አራት። 13 ሆነ። ለተመልካቹ ሁለት ማይክ ጨምርበት፣ 15። 16 ግቤት ያለው ሚክሰር በልካችሁ ነው ማለት ነው። አንድ እንግዳ ሳክስፎን ይዞ ከመጣ ግን ሞላ። አቅም ካላችሁ ከ16 በላይ ያለውን እዩ።

ደግሞ ሳጥኑ ላይ ዩኤስቢ ስለተባለ ብቻ እንዳትገዙ። ብዙ ዩኤስቢ ያላቸው ሚክሰሮች ወደ ኮምፒውተር የሚልኩት የተቀላቀለውን ሁለት ትራክ ብቻ ነው። ያማሃ ኤምጂ 16 ኤክስዩ ለምሳሌ ጥሩ አናሎግ ሚክሰር ነው፣ በዩኤስቢው የሚወጣው ግን ሁለት ቻናል ነው። የበሪንገር ኤክስአር 18 በአንድ ገመድ 18 ትራክ ያወጣል። ታናሹ ኤክስአር 16 ደግሞ በስም ቢቀርበውም ፍላሽ ላይ ስቴሪዮ ብቻ ነው የሚቀዳው። በስም ተመሳሳይ ሆነው በዚህ የሚለያዩ ብዙ ናቸው። መመሪያውን ከድረ ገጹ አውርዳችሁ ስለ ዩኤስቢ የሚያወራውን ገጽ ሳታነቡ ብር አትክፈሉ።

አናሎግ ወዳጅ

የላይቭ ሳውንድ ሐሳብ ልክ ነው፣ ግን አናሎግ ከጨዋታ ውጪ አይደለም። ብዙ ትራክ የሚያወጡ አናሎጎች አሉ። ሳውንድክራፍት ሲግኔቸር 22 ኤምቲኬ ቻናሎቹን ለየብቻ ወደ ኮምፒውተር ይልካል። ታስካም ሞዴል 24 ደግሞ ኮምፒውተርም አይፈልግም፤ ኤስዲ ካርድ ላይ በአንድ ጊዜ እስከ 24 ትራክ ይቀዳል።

ባለሙያ ላልሆነ ሰው ትልቁ ጥቅሙ ሁሉም ነገር ፊቱ መሆኑ ነው። አንድ ማይክ ፉጨት ሲጀምር እጁን ሰዶ ዝቅ ያደርገዋል። ገጽ መቀያየር የለም፣ ሜኑ ውስጥ መጥፋት የለም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ወዲያው ይሠራል። ዲጂታሉ ግን እስኪነሳ ድረስ ሰው ይጠብቃል።

ስለ ሞቅ ያለ ድምፅ ግን እውነቱን ልናገር። አናሎግ ብወድም በዚህ ምክንያት ግዙ አልልም። በዚህ ደረጃ ባሉ ሚክሰሮች መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት፣ ማይኩን ከአፍ ትንሽ ከማራቅና ከማቅረብ የሚመጣውን ያህል እንኳ አይሆንም።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ የድሮ ሚክሰራችሁን ጀርባ እዩ። በየቻናሉ ኢንሰርት የሚል ቀዳዳ ካለው ድምፁን ከዚያ ማውጣት ይቻላል። ኢንሰርት አብዛኛውን ጊዜ ከጌይን (የማይኩን ድምፅ መጀመሪያ ከሚያጎላው ማስተካከያ) በኋላ፣ ከኢኩዋላይዘር (ቀጭንና ወፍራም ድምፅን ከሚያመጣጥነው) እና ከፌደር በፊት ነው። ጫፉና ቀለበቱ ውስጥ ለውስጥ የተገናኙበት ስቴሪዮ ጃክ ብትሰኩበት ድምፁ ወደ ስፒከር መሄዱን ሳያቋርጥ ወደ ሪከርደርም ይወጣል። ባለ ስምንት ግቤት ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ሳጥን) ከተዋሳችሁ ድራሙን፣ ቤዙንና ዋናውን ድምፃዊ ለየብቻ መቅዳት ትችላላችሁ። አንድ ጊዜ ሞክሩት። የምትፈልጉትን በጆሯችሁ ታውቁታላችሁ።

ሞኒተር ዳር

እኔ የዲጂታል ወገን ነኝ። ምክንያቴም የቀረጻ ጥራት ብቻ አይደለም።

አንደኛ፣ ሴቭ ማድረግ አለ። ዛሬ ያስተካከላችሁትን በስም ታስቀምጣላችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከፍታችሁ ከዚያው ትቀጥላላችሁ። አናሎግ ላይ እያንዳንዱን ማዞሪያ ፎቶ አንስቶ እንደገና ማስተካከል ነው። ሁለተኛ፣ የቀዳችሁትን ባለ ብዙ ትራክ ቅጂ መልሳችሁ በሚክሰሩ ቻናሎች ማጫወት ትችላላችሁ። ባንዱ በሌለበት ጓደኛችሁ ብቻውን ቁጭ ብሎ ይለማመድበታል። ባለሙያ ላልሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ኮምፕሬሰሩም (በድንገት የሚጮኸውን ድምፅ የሚገራው) ኢኮውም ውስጡ ስላለ ተጨማሪ ዕቃ መሸከም የለም።

በ2012 የወጣው የበሪንገር ኤክስ 32 እስካሁን በየመድረኩ የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም። በዩኤስቢ ካርዱ 32 ትራክ ወደ ኮምፒውተር ይልካል። ኤክስ ላይቭ የሚባለው ካርድ ከገባበት ደግሞ ያለ ላፕቶፕ ኤስዲ ካርድ ላይ ይቀዳል። ስላረጀ ያገለገለም ይገኛል። ካርዱ አብሮት መኖሩን ግን በዓይናችሁ እዩ።

በታብሌት ወይም በላፕቶፕ ብቻ የሚታዘዙትን፣ እንደ ኤክስአር 18 ያሉትን፣ በጥንቃቄ ውሰዱ። ቅለታቸው ደስ ይላል። ነገር ግን የራሳቸው ፌደር የላቸውም። አዳራሹ በስልክ ሲሞላ ውስጣቸው ያለው ዋይፋይ ይደክማል። የተለየ ራውተር ግዙላቸው፣ ወይም አንድ ላፕቶፕ በኔትወርክ ገመድ አገናኝታችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ።

ጊታሪስቱ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሁለት ትራክ መሆኑ ነው ችግሩ ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም። አሁን ልባችን ወደ ዲጂታል አዘንብሏል። ሦስት ነገር ልጨምር። በላፕቶፕ ይሻላል ወይስ በካርድ? ምን ያህል ቦታ ይበላል? ጓደኛችን በመሃል ድምፅ ከፍ ዝቅ ሲያደርግስ ቅጂው አይበላሽም?

ቤዝ መስመር

ከመጨረሻው ልጀምር። ትራኩ የሚወጣው ከፌደር በፊት ከሆነ ፌደሩን እንደፈለገ ቢገፋው ቅጂውን አይነካውም። አንዳንድ ሚክሰር ላይ ይህ የሚመረጥ ነገር ነው። ልክ ከጌይን በኋላ፣ ከኢኩዋላይዘርና ከኮምፕሬሰር በፊት የሚለውን ምረጡ። ጌይን ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ ሲነካ ቅጂውም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ለጓደኛችሁ አንድ ሕግ ስጡት፦ ሳውንድ ቼክ ካለቀ በኋላ ጌይን አይነካም፣ ሥራው በፌደር ነው።

ጌይኑን ስታስተካክሉ ድምፃዊው በልምምድ ድምፁ ሳይሆን መድረክ ላይ በሚጮኽበት ድምፅ ይዝፈን። ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ (ሚክሰሩ መቅዳት ከሚችለው የመጨረሻ ከፍታ) ከ10 እስከ 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይቁም። ዝቅ አለ ብላችሁ አትጨነቁ። በ24 ቢት ስለምትቀዱ በኋላ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ዜሮን አልፎ የተሰነጠቀ ድምፅ ግን በምንም አይመለስም።

ቦታውን እናስላው። በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት አንድ ትራክ በሰዓት ወደ 518 ሜጋባይት ይወስዳል። 16 ትራክ በሰዓት 8.3 ጊጋባይት ገደማ ነው። የሁለት ሰዓት ዝግጅት ከ17 ጊጋባይት በታች ይይዛል። 96 ኪሎ ኸርዝ ካላችሁ በእጥፍ ቁጠሩት፤ ለእናንተ ሥራ ግን 48ቱ ይበቃል።

ላፕቶፕ ወይስ ካርድ? ካርድ እመርጣለሁ። ላፕቶፕ መሃል ላይ ራሱን አፕዴት ሊያደርግ ወይም ሊተኛ ይችላል፣ የዩኤስቢ ገመዱንም ሰው ሊረግጠው ይችላል። በላፕቶፕ ከሆነ ኢንተርኔቱን ዝጉ፣ እንቅልፉን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ሰኩ። በሁለቱም ቢሆን ሚክሰሩን ዩፒኤስ ላይ አድርጉት። በቀረጻ መሃል መብራት ከሄደ ፋይሉ በትክክል ሳይዘጋ ይቀርና ለመክፈት ያስቸግራል። እንደጨረሳችሁም ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ቅጂውን ሌላ ቦታ ገልብጡ።

ጊታሪስቱ (ጠያቂ)

ተባረኩ። ሁለቱን የተመልካች ማይኮች የት እናድርጋቸው?

ላይቭ ሳውንድ

ከመድረኩ ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ሰው አዙሩ። ጀርባቸው ወደ ስፒከሮቹ ይሁን። ወደ ስፒከርም ወደ ሞኒተርም (ተጫዋቾቹ ራሳቸውን የሚሰሙበት የመድረክ ስፒከር) በፍጹም አትላኳቸው፤ መቅጃ ብቻ ናቸው። ቦታ አጥታችሁ አዳራሹ መሃል ካቆማችኋቸው ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳቸዋል። በ10 ሜትር ርቀት መዘግየቱ 29 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው፣ ከሌሎቹ ትራኮች ጋር ሲቀላቀል ስኔሩ ሁለቴ የተመታ ሊመስል ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት ድራመሩ ስኔሩን አንዴ ብቻውን ይምታው። ኮምፒውተር ላይ ያንን ምት ፈልጋችሁ የተመልካቹን ትራክ ከስኔሩ ጋር እስኪገጥም ወደ ግራ፣ ቀደም ብሎ እንዲሰማ፣ ሳቡት። ዘፈን ላይ ዝቅ፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ከፍ አድርጉት።