ፋርስኛ ላይ «ራ» መቼ ነው የምትገባው?

ጠያቂ፦ ፋርስኛ ጀምሬያለሁ። መማሪያዬ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተጻፈ ስለሆነ «ግሱ መጨረሻ ይምጣ» እያለ ገጽ ሙሉ ያስጨንቃል። እኔን ያስቸገረችኝ ግን «ራ» ናት።

መልስ፦ የግሱን ገጽ ዝለለው፤ እንደኛው ነው። «ራ» የኛ «ን» ናት በላት። «ኬታብ ኻንዳም»፣ መጽሐፍ አነበብኩ። «ኬታብ ራ ኻንዳም»፣ መጽሐፉን አነበብኩ። የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ከታወቀ ትገባለች። በንግግር ግን «ሮ» ወይም «ኦ» ሆና ነው የምትሰማት።

ሌላ መልስ፦ ቀላሉን ይዛችሁ ነው! ጉዱ ቅጽል ላይ ነው። ስሙ ይቀድምና በ«ኤ» ይያያዛል፦ «ኬታቤ ቦዞርግ»፣ ትልቅ መጽሐፍ። ይቺ «ኤ» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አትጻፍም፤ አንባቢው ነው የሚጨምራት።

ጠያቂ፦ ያልተጻፈ ማንበብ ደግሞ መጣ? በሉ እሺ።