ካዝና ግድግዳ ላይ ወይስ ወለል ላይ? (አዳማ)

ጠያቂ፦ ሰላም የአዳማ ልጆች፣ አባቴ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ አለው፣ እስካሁን ከእማዬ ወርቅ ጋር ቁምሳጥን ውስጥ ነው፣ ሰፈራችን ደሞ ሌባ በዝቷል፣ ትንሽ ካዝና ልገዛ አስቤ ነበር ግን ተሸክመውት ቢሄዱስ?

በያጁ፦ ካልታሰረማ ይዘውት ነው የሚሄዱት። ከስሩ ቀዳዳ ያለውን ግዛና ኮንክሪት ወለሉ ላይ በወፍራም ብሎን አስመታው፣ ብሎኬት ግድግዳ ውስጡ ክፍት ስለሆነ በመፈንቀያ ብረት ሲፈነቅሉት ብሎኑ ከነፍርፋሪው ይወጣል። ቁምሳጥንማ ሌባ ቀድሞ የሚከፍተው እሱን ነው።

እሙ፦ ጥይቱ ለብቻው ይቆለፍ፣ ልጆች ካሉ በተለይ! ፈቃዱ በአባትህ ስም ስለሆነ ቁልፉም እሳቸው ጋ ይሁን። የሽጉጡን ቁጥር ሌላ ቦታ ጻፉት፣ ከጠፋ ፖሊስ ጋ ያስፈልጋል፣ ወርቁንም ፎቶ አንሱት።

ናዚ፦ ባትሪ የሚበላ ካዝና ከሆነ ደሞ መጠባበቂያ ቁልፉን እዛው ውስጥ እንዳትቆልፉበት 😂

ጠያቂ፦ 😂 እሺ፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ አይሰነጠቅም?

በያጁ፦ መጀመሪያ የድሪሉን መዶሻ (እየመታ የሚበሳበትን) አጥፍተህ በሴራሚክ መብሻ ቀስ ብለህ ብሳው፣ ኮንክሪቱ ጋ ስትደርስ መዶሻውን አብራው