አስቸኳይ! ቤቱ አፍስሶ የአያቴ ፎቶዎች በሰበሱ፣ ምን ላድርግ?

የእማዬ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ሌሊት የጣለው ዝናብ ጓዳውን አፍስሶ አያቴ ፎቶ ታስቀምጥበት የነበረው ሳጥን ውስጥ ውሃ ገብቷል። ጠዋት ስንከፍተው ሃያ የሚሆን ፎቶ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ጡብ ሆኗል። የቅድመ አያቴ ትልቁ ፎቶ ደግሞ ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቋል። ላላቅቀው ስሞክር ጥፍር የምታህል ቁራጭ መስታወቱ ላይ ቀረች፣ የካባው ጫፍ ነች። ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም። እማዬ ሰፌድ ላይ ፀሐይ ልታሰጣቸው ነው፣ ለምኜ ነው ያስቆምኳት። እሁድ የአያቴ ተዝካር ነው፣ ዘመድ ሁሉ ይመጣል። ፎቶው የምኒልክ ጊዜ ነው፣ የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ቦያጂያን ያነሳው ነው ትል ነበር አያቴ። እባካችሁ ፍጠኑ!

አራዳው
ሩዝ ውስጥ ቅበሪው። ስልኬ ባልዲ ውስጥ ወድቆ በሩዝ ነው የተረፈው።

መምህር ከደሴ
እህቴ፣ መጀመሪያ ፎቶ ምን እንደሆነ እንወቅ። ፈረንሳዊው ኒየፕስ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ከመስኮቱ የሚታየውን ጣሪያ በሬንጅ መሰል ነገር በተቀባ የብረት ሰሌዳ ላይ አስቀረ። ሸሪኩ ዳጌር ደግሞ ብር በተለበጠ መዳብ ላይ መሥራት ጀመረ፣ እ.ኤ.አ. በ1839 ለዓለም ይፋ ሆነ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ፓሪስ ውስጥ ያነሳት ፎቶ አለች። ሰሌዳው ብርሃን ለመቀበል ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለነበር በመንገዱ የሚያልፈው ሰውና ጋሪ ሁሉ ጠፍቷል። የቀረው ጫማውን ሊያስጠርግ ቆም ያለ አንድ ሰው ነው! ፎቶ ላይ መጀመሪያ ከታዩት ሰዎች አንዱ የሊስትሮ ደንበኛ ነው ማለት ነው። እንግሊዛዊው ቶልቦት ደግሞ በወረቀት ኔጋቲቭ መጣ፣ ከአንድ ኔጋቲቭ ብዙ ፎቶ ማተም የተቻለው በእሱ ነው...

የእማዬ ልጅ
መምህር እግዜር ይስጥልኝ፣ ደስ ይላል፣ ግን ፎቶዎቹ አሁንም ውሃ ውስጥ ናቸው!!

ጨለማ ክፍል
በጣም ጥሩ፣ እዚያው ይቆዩ። እርጥብ እንደሆኑ ማቆየት ነው የሚያድናቸው። እየደረቁ ከተጣበቁ ነው የምታጪው። ቶሎ መልሽልኝ፦ ወረቀት ናቸው ወይስ ብረት ወይ መስታወት ላይ የታተሙ? ጥቁርና ነጭ ናቸው? በእጅ ቀለም የተቀባ አለ? ፀጉር ማድረቂያ እንዳታስጠጊ።

ፒያሳ ልጅ
አያትሽን አከብራለሁ፣ ነፍስ ይማር፣ ግን የምኒልክ ጊዜ አይመስለኝም። ቤድሮስ ቦያጂያን አርመናዊ ነው፣ የምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበር። ከእሱ በኋላም ልጆቹ በዚያው ሥራ ቀጥለዋል፣ ቶኒ የሚባለው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ አንሺ ነበር። ሰው «ቦያጂያን ያነሳው» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። የፍሬሙን ጀርባ ክፈቺና እይ።

አራዳው
ሩዝ ሞከርሽው?

ጨለማ ክፍል
አራዳው፣ ወንድሜ፣ ሩዝ ለስልክ ነው። እርጥብ ፎቶ ላይ ፍሬው ይጣበቅበታል። ተው።

የእማዬ ልጅ
ሁሉም ወረቀት ነው፣ ጥቁርና ነጭ። ሦስቱ ላይ ከንፈርና ጉንጭ ቀይ ተቀብቷል። የፍሬሙን ጀርባ ከፈትኩት። የፎቶ ቤት ማህተም አለ፣ ደብዝዟል፣ ስሙ አይነበብም። ከሥሩ በእስክሪብቶ 1946 ይላል። ምኒልክ ያረፉት በ1906 አይደል? አርባ ዓመት! አያቴ ግን ዋሽታ አታውቅም።

ጨለማ ክፍል
እሺ፣ የወረቀቱ ፊት ጄላቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ማዶክስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው ብርሃን የሚቀበለውን የብር ጨው በጄላቲን ለመያዝ መንገዱን ያሳየው። ጄላቲን ማለት የቅልጥም መረቅ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ነገር ነው፣ ከአጥንትና ከቆዳ ይወጣል። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል። ችግርሽም መፍትሔሽም እሱ ነው።

አሁን ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ አድርጊ። ጡቡን እንዳለ ንከሪው። ቀለም የተቀቡትን ሦስቱን ግን ከላይ ወይ ከዳር ካሉና በቀላሉ ከለቀቁ መጀመሪያ አውጪያቸው፣ ቀለሙ ሊሄድ ይችላል። ሌላው ራሱ መንሸራተት ሲጀምር ጠርዙን ይዘሽ አንድ በአንድ ለይ። ፊቱን በጣትሽ አትንኪ፣ አሁን እንደ እርጎ ለስላሳ ነው። ከዚያ ንጹህ አቡጀዲ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርገሽ ጥላ ውስጥ አስጪ። ጋዜጣ አይሆንም፣ ቀለሙ ይተላለፋል። በሁለት ቀን ውስጥ ካልጨረስሽ የቀረውን በፌስታል ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስገቢ፣ ሻጋታ እንዳይጀምር። ሌሎቻችሁ ግን ይህን የብረት ወይም የመስታወት ፎቶ ላይ እንዳትሞክሩ።

ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀውን አትንከሪው፣ አትላጪውም። ቁራጯንም እዚያው ተያት። መስታወቱን ከውጭ ጥረጊና መስኮት አጠገብ በጎን ብርሃን በስልክሽ አንሺው። ከጀርባሽ ጥቁር ነጠላ ወይ ጨርቅ ይሰቀል፣ ነጸብራቁ ይጠፋል። እሱን አሳትመሽ ለተዝካሩ አቁሚው።

ሚጡ ከለንደን
ስለ ካባው ጫፍ ብዙ አትዘኚ እህቴ። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ነበረች፣ ካሜራ የያዘችው በ48 ዓመቷ ነው፣ ልጇ ሰጥታት። በእርጥብ ኮሎዲዮን ነበር የምትሠራው፣ መስታወት ላይ የሚቀባ ዝልግልግ ፈሳሽ ነው። መስታወቱን ቀብተሽ፣ አንስተሽ፣ ሳይደርቅ ማጠብ ነው። የተሰነጠቀ ኔጋቲቭ ሳይቀር ታትም ነበር። ከመቅደላ የተወሰደውን ልዑል ዓለማየሁን እ.ኤ.አ. በ1868 ያነሳችው እሷ ናት፣ የሰባት ዓመት ልጅ እያለ። ዓይኑ እስከ ዛሬ ከፊቴ አይጠፋም። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1879 ነው የሞቱት። የዚያ ልጅ ፊት የተረፈን አንድ ሰው ፎቶውን በጥንቃቄ ስላስቀመጠ ነው፣ ስለዚህ የአንቺንም አትጣዪው።

ፒያሳ ልጅ
አንድ ነገር ልጨምር፣ ያልኩትን በከፊል አነሳለሁ። ድሮ ሰው ያረጀ ፎቶ ይዞ ፎቶ ቤት ሄዶ እንደገና ያስነሳው ነበር። 1946 ይህ ወረቀት የታተመበት ሊሆን ይችላል፣ ዋናው ግን ከዚያ የቆየ። በዙሪያው የሌላ ፎቶ ጠርዝ ወይም የካርቶን ጥላ ይታያል? ከታየ አያትሽ እውነቷን ነው።

የእማዬ ልጅ
ወይኔ! በግራ በኩል ቀጭን ጥቁር መስመር አለ፣ ከላይም ጥጉ የታጠፈ ይመስላል። እስካሁን የመስታወቱ ጭረት ነበር የመሰለኝ። ከጡቡ አሥራ አንዱ ተላቀዋል፣ ከቀለሞቹ አንዱ ትንሽ ለቋል። እማዬ አቡጀዲ እየቀደደች ነው። እመለሳለሁ።

መምህር ከደሴ
አንድም እንዳትጥዪ። ኮሎዲዮኑን ያመጣው አርቸር እኮ...

ጨለማ ክፍል
የእማዬ ልጅ፣ ዛሬ ሰኞ ነው። ተዝካሩ እንዴት አለፈ? የመስታወቱ ፎቶስ?