ኤፍ ስኮር 7፣ ዜድ ስኮር 1.82፦ የቱን ልመን?

አክሲዮን ፈላጊ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የምግብ ማቀነባበሪያ አክሲዮን ማኅበር አዲስ አክሲዮን እየሸጠ ነው፤ በሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ገና አልተመዘገበም። የ2017 ኦዲት ሪፖርቱ በሚሊዮን ብር እንዲህ ነው፦ ጠቅላላ ሀብት 800፣ የአጭር ጊዜ ሀብት 360፣ የአጭር ጊዜ ዕዳ 300፣ ጠቅላላ ዕዳ 520፣ ካፒታል 280 (ያልተከፋፈለ ትርፍ 64 በውስጡ አለ)፣ ሽያጭ 720፣ ትርፍ ከወለድና ከግብር በፊት 96፣ የተጣራ ትርፍ 45.5፣ ከሥራ የገባ ጥሬ ገንዘብ 70። ኤፍ ስኮሩ (የኩባንያውን የፋይናንስ ጥንካሬ በ9 መመዘኛዎች የሚለካው) ከ9 ነጥቦች 7ቱን አገኘ፤ የቀሩት የአዲስ አክሲዮንና የአጭር ጊዜ ዕዳ መክፈያ አቅም ነጥቦች ናቸው። ዜድ ስኮሩ (የኪሳራ አደጋን የሚገምተው) ግን 1.82 ሆነ፣ ከ1.81 በታች ደግሞ አደጋ ይባላል። የት ተሳሳትኩ? ለባንክ አክሲዮንስ ይሠራል?

ሚዛን
ቀመሩን ነው የሳቱት። በ1.2፣ 1.4፣ 3.3፣ 0.6 እና 1.0 የሚያባዛው የአልትማን የ1968 እ.ኤ.አ. ቀመር አክሲዮናቸው ገበያ ላይ ለሚሸጥ አምራቾች የተሠራ ነው፤ አራተኛው ቁጥር የአክሲዮኑን የገበያ ዋጋ ይፈልጋል። እርስዎ በመዝገብ ያለውን 280 አስገቡበት። ላልተመዘገበ አምራች ሌላ ቀመር አለ፦

0.717 × (360−300)/800 = 0.054
0.847 × 64/800 = 0.068
3.107 × 96/800 = 0.373
0.420 × 280/520 = 0.226
0.998 × 720/800 = 0.898

ድምሩ 1.62። የዚህ ቀመር ወሰን ግን 1.23 (ከሱ በታች አደጋ) እና 2.9 (ከሱ በላይ ደህና) ነው፤ ስለዚህ ኩባንያው መሐል ላይ ነው፣ ገደል አፋፍ ላይ አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ የመጨረሻው መስመር ነው። ከ1.62ቱ 0.90 የመጣው ከሽያጭ ብቻ ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሽያጭ በአዲስ ዋጋ ይመዘገባል፣ ማሽኑ ግን በድሮ ዋጋው ተቀምጧል። ማሽኑ እንደገና ተገምቶ ሀብቱም ካፒታሉም በ200 ቢያድግ (ግብሩን ትተን) ስኮሩ ወደ 1.50 ይወርዳል። ያንኑ ያህል ኩንታል ሸጦም በኤፍ ስኮር የሀብት ዝውውር (ሽያጭ ለሀብት ሲካፈል) ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። በብር ሳይሆን በቶን ስንት እንደተሸጠ ይጠይቁ።

የኦዲት ልጅ
7ቱም ተጋኗል ባይ ነኝ። ሁለት ነገር ፈትሽ። አንደኛ፣ የተከፈለ ወለድ በጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫው የት ተቀምጧል? አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ) ከፋይናንስ ክፍሉ ሥር ማስቀመጥን ሲፈቅድ ኖሯል፣ ያኔ ከሥራ የገባው ገንዘብ ያብጣል። ሁለተኛ፣ የረጅም ጊዜ ብድሩ የቀነሰው ተከፍሎ ነው ወይስ በ12 ወር ውስጥ የሚከፈለው ወደ አጭር ጊዜ ዕዳ ተዛውሮ?

አክሲዮን ፈላጊ
ወለድ 31፣ ያልከው ቦታ ላይ ነው ያለው። የረጅም ጊዜ ብድር ከ250 ወደ 220 ወርዷል፤ ወደ አጭር ጊዜ የተዛወረው ግን አምና 10፣ ዘንድሮ 80። የአምና ጠቅላላ ሀብት 720።

የኦዲት ልጅ
በቃ። 70 ሲቀነስ 31፣ 39 ይቀራል፤ ከ45.5 ትርፍ ያንሳል፣ ኤፍ ስኮር ደግሞ እንዲበልጥ ይፈልጋል፤ አንድ ነጥብ ሄደ። ብድሩን ስትደምረው አምና 260/720 ማለትም 36.1 ከመቶ፣ ዘንድሮ 300/800 ማለትም 37.5 ከመቶ። ዕዳው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፣ ሌላ ነጥብ። 5 ቀረህ። ከዋናው ገጽ ብቻ የሚሠላ ኤፍ ስኮር እንዲህ ያታልላል፤ ከሒሳቡ ጋር የተያያዙትን ማስታወሻዎች ሳታነብ አታስላ። የአዲስ አክሲዮኑ ነጥብ ብዙም አያስጨንቅህ። የሚሰበሰበው ገንዘብ ማሽን ሊገዛ ነው ወይስ ያንን 80 ሊከፍል? የሽያጭ ሰነዱ ውስጥ እሱን ፈልግ።

ቆጣቢዋ
ለባንክ ሁለቱንም ይተዋቸው። የባንክ ሒሳብ ሀብትና ዕዳን በአጭርና በረጅም ጊዜ አይከፍልም፣ ጥቅል የሽያጭ ትርፍ የሚባል መስመርም የለውም፤ የደንበኛ ተቀማጭ ደግሞ ሁሉ ዕዳ ስለሆነ ጤነኛውም ባንክ አደጋ ላይ ያለ ይመስላል። ጥር 2017 በገበያው ቀዳሚ ሆኖ የተመዘገበው ወጋገንም ባንክ ነው፣ ስለዚህ ጥያቄው ብዙ ሰው ይመለከታል። የተበላሸ ብድር ድርሻን (ከ5 ከመቶ ካለፈ ይጠንቀቁ)፣ የካፒታል ብቃትን (ካፒታሉ ለአደጋ ከተጋለጠው ሀብቱ ጋር ሲነጻጸር፤ ብሔራዊ ባንክ ከሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን በላይ መሆኑን) እና ለብድር ኪሳራ የተያዘው መጠባበቂያ ከዓመት ዓመት እንዴት እንደተለወጠ ይዩ። ትርፉ አድጎ መጠባበቂያው ከቀነሰ፣ ትርፉ የመጣው ከዚያ ሊሆን ይችላል።